ሰባተኛው በርሜል

ቡሽ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ቁመቷ አጭር ነው፣ ምስጢርም አይሾልክባትም። አምና ግን አንድ ምስጢር ዋጠች፤ እሱም ከውስጥ ሆኖ ይበላት ጀመር።

አባትና ልጅ ነጭ ወይን ጠጅ ይጠምቁ ነበር። አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ዘግይቶ ይበስላል፣ በርሜል ውስጥም እየተንቀራፈፈ ይፈላል። አተላው በየሳምንቱ በረጅም ዱላ ከሥሩ ካልተማሰለ ያ ቅቤ ቅቤ የሚለው ወፍራም ጣዕም አይመጣም። ችግሩ፣ ወይን ሲፈላ የማይታይ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ይተኛና ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወደ ግቢው የሚያየው መስኮት ክፍት ይሆናል፣ የሚገባውም ሰው ሻማ ለኩሶ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ሻማው ከጠፋ እግሬ አውጪኝ ነው። አባቷ ግን ሠላሳ ዓመት ምንም ስላልነካው መስኮቱን አምኖ ሻማውን ከተወው ቆይቷል።

ምሳ ሲደርስ እናቷ የወጥ ቤቱን ወለል በመጥረጊያ እጀታ ትደበድባለች። እሱም ከታች በርሜሉን ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ ይመታል። "መጣሁ" ማለቱ ነው።

አምና ብርዱ ሲጠና ቡሽ ፍላቱ እንዳይቆም ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ለአባቷ ልትነግረው ስትል ጎረቤት ጠራትና ረሳችው። አባቷ ሰባተኛው በርሜል ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ሰው ሲጯጯህ እሷ ሹልክ ብላ መስኮቱን ከፈተች። ሁሉም "ልቡ ነው" አለ፤ እናቷም አመነች።

ዘንድሮ አንድ ቀን ምሳ ሊደርስ ሲል ቡሽ ብቻዋን ወረደች። መስኮቱን ጠዋት በገዛ እጇ ከፍታዋለች። ሻማዋን መሬት አስቀምጣ በርሜሎቹን በጣቷ አንጓ ታንኳኳ ጀመር፤ የጎደለ በርሜል ድምፁ ባዶ ነው። ሰባተኛው ጋ ደረሰች። የአባቷ የመጨረሻ ወይን ገና እዚያው ነው። አንኳኳች።

ኳ፣ ኳ። ኳ።

ከውስጥ ነው። ቡሽ ክው ብላ ቀረች። ድምፁ ወደ ስድስተኛው አለፈ፣ ከዚያ ወደ አምስተኛው፣ እንዲያ እንዲያ እያለ በሩ አጠገብ ወዳለው። ምን እንደጎተታት እንጃ፣ ተከተለችው። ደረጃው ላይ ሆና ዞር ስትል ሻማዋ ጠፍቷል። መስኮቱም ተዘግቷል።

እየተንገዳገደች ወደ ግቢው ወጣች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ እጇን ታሻሻለች።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽው?"

"ብርዱ የወይንሽን ፍላት እንዳያቆምብሽ ብዬ ነው እንጂ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?"

ቡሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"አምና እኔም እንዲሁ ብዬ ዘጋሁት። የአባባ ልብ ደህና ነበር፣ እማዬ። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

እናቷ አልጮኸችም፣ አልሰደበችም፤ ብትሰድባት በስንት ጣዕሙ። መስኮቱን በርግዳ ከፈተችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቡሽም እንደ ጥፋተኛ ተከትላት ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ መጥረጊያውን ከጥግ አነሣች፣ ወለሉን ሦስት ጊዜ ደበደበች።

"እማዬ፣ ኧረ እባክሽ! ታች ማን አለና?"

ኳ፣ ኳ። ኳ።

እናቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ሦስተኛ ሳህን አወጣች፣ ማንኪያውን በስተቀኝ አደረገች፣ ሾርባውን ጨለፈች።

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አለች። "መጣሁ ብሏል። ለራሱ ንገሪው።"

የምድር ቤቱ ደረጃ ሦስተኛዋ ሳንቃ እሱ ሲረግጣት ብቻ ነበር የምትጮኸው። ጮኸች። ቡሽም፣ ለአባት እንደሚነሡት፣ ከወንበሯ ተነሣች።