የዳይሬክተሯ ዛፍ

«የዛፍ ጠላት» ተብዬ በማኅተም የተፈረደብኝ ሴት እኔ ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ መጥረቢያ ታጥቄ ጫካ ለጫካ የምዞር ይመስለዋል። በዚያች ሰዓት እጄ ላይ የነበረችው አንድ ክንድ የማትሞላ ቅርንጫፍ ናት። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

መሬቴ ከኮረብታው ግርጌ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያን ክረምት የመጣብኝ ጎርፍ ግን ለሳቅም ጊዜ አልሰጠኝም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ግማሹን መሬት ከነባቄላው፣ ከነአጥሩ ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ባሌ ከተማ ግንበኛ ነው፤ የሚመጣው ሲመቸው፣ የሚልከው ሲተርፈው ነው። እኔና ልጆቼ የምንበላው ከዚያች መሬት ነው። ጎርፉ ከተመለሰ ደግሞ የምሰጠው ሌላ ግማሽ የለኝም።

አማቴ የመንደሩ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ስብሰባው ላይ ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል «እኔ አለሁ» አሉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ አለቀ። አሥራ አራት ነን። በእሳቸው መሪነት ኮረብታው ላይ እርከን ሠራን፤ እርከኑን በሥሩ አንቆ እንዲይዝልን ደግሞ ወንዙ ዳር ስድስት መቶ ችግኝ አፈላን። አፈርና ፍግ ቀላቅለን በጥቁር ፕላስቲክ ሞላን፣ የሣር ዳስ አለበስን፣ ጠዋትና ማታ አጠጣን። አማቴ መሬቱ እስከ ክንድ ሳይርስ ችግኝ አያስነኩም። «ከዚያ በፊት የተከለ ቀበረ ይባላል» ይላሉ።

ፕሮጀክቱ የመጣብን ይህን ሁሉ ከሠራን በኋላ ነው። ይዞት የመጣው በሞተር ሳይክል የሚመላለስ አንድ ወጣት ባለሙያ ሲሆን፣ ከወረቀቱ ሠንጠረዥ ውጭ ያለ ነገር ስለማይታየው እኛ አቶ ሠንጠረዥ እንለዋለን። ዛፍ ሥር ሰበሰበን።

«ይህ የአየር ንብረት ፕሮጀክት ማኅበረሰብ መር ነው» አለ። «ማለትም የምትመሩት እናንተው ናችሁ።»

«እሰይ» አሉ አማቴ።

«የምትመሩት ምን እንደሆነ እዚህ ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

የተጻፈው እንዲህ ነው። በበጋው እምብርት፣ የፕሮጀክቱ ዓመት ሳይዘጋ፣ የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር እንግዶች ይዛ ትመጣለች፤ ስድስት መቶ ችግኝ ከመንገዱ በሚታይ ቦታ ይተከላል። ቀኑ ካማረ ማኅበሩ የውሃ ፓምፕ ይሸለማል።

«ልጄ፣ በበጋ?» አሉ አማቴ።

«እናት፣ ዝናቡ ከበጀቱ ጋር አልተጣጣመም።»

ፓምፑን ሁላችንም እንፈልገዋለን። ቀን በቀን ጀሪካን ተሸክሞ ከወንዝ ሽቅብ የወጣ ወገብ ያውቀዋል። ችግኙ በዚያ ፀሐይ ከተተከለ ግን በሳምንቱ ማገዶ ነው፤ በክረምቱም ጎርፉ ጓዳዬ ይገባል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ መላውን የዘየዱት አማቴ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ተቆርጦም ሳምንት የማይጠወልግ ቅጠል ያለው ዛፍ አለ። የዚያን ቅርንጫፍ እየቆረጥን፣ ጫፉን በቢላ እየሳልን፣ ስድስት መቶ ጉድጓድ ውስጥ እንሸጉጥ አሉ።

«ሰው ቢያውቅስ?» አልኩ።

«ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ቀኑም ደረሰ፤ እውነት ለመናገር አማረ። ዳይሬክተሯ ባለሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ አድርጋ ነጭ ጓንት አጥልቃለች። ከፕሮጀክቱ የምልክት ሰሌዳ ሥር የተዘጋጀላትን ቅርንጫፍ ተቀብላ በሁለት ጣቷ አፈር ነሰነሰችበትና ለካሜራው ዞራ እንባ አቀረረች። «ይህች ዛፍ ልጄ ናት፤ አደራ» አለችን። ስሟ የተጻፈበት ታርጋም ተሰካላት። አቶ ሠንጠረዥ መደባችን ላይ ዳስ ለብሶ የተደረደረውን ችግኝ ሲያይ፣ «ይህስ?» አለ።

«ትርፍ ነው» አሉ አማቴ።

ትርፍ፣ ስድስት መቶ ብሎ ጻፈ። ያቺን ቃል ያን ቀን ማንም ልብ አላላትም።

ከዚያ በኋላ የመጣብን ሥራ ነው። አቶ ሠንጠረዥ ሰኞ ሰኞ ሊቆጥር ይመጣል። የሚቆጥረው ከመንገዱ የሚታዩትን ስድሳዎቹን ነው፤ ናሙና ይለዋል። የቀረውን ፍየል በልቶት ጨርሷል፤ ፍየል ናሙና ስለማያውቅ። እኛም ሰኞ ጎህ ሲቀድ ስድሳ አዲስ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ የጠወለገውን ነቅለን፣ በየጉድጓዱ እንተካለን። ለእውነተኞቹ ችግኞች እንኳ እንዲህ ደክመን አናውቅም። የዳይሬክተሯን አደራማ አማቴ ራሳቸው ናቸው ለምለሙን መርጠው የሚሰኩት።

በአራተኛው ሰኞ አቶ ሠንጠረዥ ሜትሩን ይዞ ብዙ ቆየ።

«የጽድቀት መጠን መቶ በመቶ» አለ። «ዕድገት ግን ዜሮ። እንዲያውም የዳይሬክተሯ ዛፍ በሁለት ጣት አጥራለች።»

«ጠባይዋ ነው» አሉ አማቴ። «መጀመሪያ ሥሯን ነው የምታስበው።»

ጻፈው። የጻፈውን ወደ ላይ ላከው። ላይ ያሉትም በመቶ በመቶው ደነገጡ፤ ዝናብ የማይፈልግ ዛፍ በሴቶች ጥበብ ተገኘ ተባለ። ሰኞ የላከው ሪፖርት ለሐሙስ መልስ አገኘ፤ መንገዳችንን ለማስጠገን ግን ዘጠኝ ዓመት ጽፈናል። መልሱ፣ ትርፉ ስድስት መቶ ችግኝ ተጭኖ ለአራት መንደር ይከፋፈል፣ በሳምንቱም ይተከል የሚል ነበር። ዝናቡ ገና ወር ይቀረዋል።

የጭነት መኪናው መጣ፤ ዳይሬክተሯም መጣች። መኪናው ላይ ፓምፑ አለ፤ ሰማያዊ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ልውውጥ መሆኑ ነው፤ እሱ ሲወርድ ችግኙ ይጫናል። ሴቶቹ ዓይናቸውን ከፓምፑ ላይ መንቀል አቃታቸው። አማቴን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሁለት የቀን ሠራተኞች የመጀመሪያውን ረድፍ ችግኝ ማንሳት ጀመሩ። ያ ረድፍ በእኔ ማሳ አናት የሚተከለው ነው።

«ጌቶቼ፣ ይቅር በሉን» አልኩ ወጥቼ። «የተከላችሁት ዛፍ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው። እየቀያየርን ስንሰካ ነው የከረምነው። ይህ ችግኝ እንደማንኛውም ችግኝ ነው፤ በደረቅ መሬት ይሞታል።»

«ትሕትና ነው» አላት አቶ ሠንጠረዥ ዳይሬክተሯን። «የራሳቸውን እውቀት ዝቅ አድርገው ነው የሚያዩት። ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሄጄ የዳይሬክተሯን ዛፍ በአንድ እጄ ብድግ አደረግኋት። ቢላ የሳላት ጫፏ ታየ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች ዳይሬክተሯ።

«ሥሯን በጥሳ አስቀረችው!» አለ አቶ ሠንጠረዥ።

«የምን ሥር? ይኸው!» ሁለተኛውን ነቀልኩ። ሦስተኛውን። ሰባት ስደርስ ሠራተኞቹ እጄን ያዙኝ። አቶ ሠንጠረዥ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ፣ «ጽድቀት ወደ ሰማንያ ስምንት በመቶ ወረደ» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

ዳይሬክተሯ የራሷን ቅርንጫፍ ከመሬት አነሳች። ጓንቷን አውልቃ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ለዓይን ተያየን። ማወቋን አውቄያለሁ፤ በልጆቼ እምላለሁ። ቅርንጫፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ይጻፍባት» አለች።

«የዛፍ ጠላት» ተብዬ በማኅተም ተጻፈብኝ። ዛፍ በማውደም፣ የአየር ንብረትን በመዳፈር፣ የማኅበረሰቡን መሪነት በማደናቀፍ ይላል። ማኅበሩም ታገደ። በደንባቸው መሠረት ለታገደ ማኅበር ንብረት አይሰጥም፣ ከእሱም አይወሰድም፤ ስለዚህ የተጫነው ችግኝ ወረደ፣ ፓምፑም እንደተቀመጠ ተመለሰ። ያን ወረቀት እንደ ሠርግ ውል ፈረምኩት።

ደስታዬ ግን እስከ ማታ አልቆየም። ሴቶቹ ጀሪካን ባነሱ ቁጥር እኔን ይረግሙ ጀመር። ወንዝ ስወርድ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አማቴ ለአንድ ወር አላናገሩኝም፤ አንድ ቀን ብቻ ግድግዳውን እያዩ፣ «ስድሳ ዓመት ውሃ ተሸክሜያለሁ። ፓምፑ ደጄ ድረስ መጥቶ ዓይኔ እያየ ሄደ» አሉ። ያደረግሁት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የእሳቸውን ወገብ ሳይ ግን ምነው ፓምፑን ባስቀረሁላቸው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

መሬቱ እስከ ክንድ ሲርስ ስድስት መቶውን በሦስት ቀን ተከልን። እየተኮራረፍን ነው የተከልነው፤ ኩርፊያ ለካ እጅ አያስርም። በመጀመሪያው ክረምት እርከኑ እየተፍረከረከ፣ እኛም በአካፋ እየጠገንን አለፍን። በሁለተኛው ክረምት ያ የማውቀው ጎርፍ እያገሳ መጣ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። እርከኑ ላይ ሲደርስ ተከፋፈለ፣ ደከመው፣ እኔ ዘንድ የደረሰው ቁርጭምጭሚት የሚያረጥብ ብቻ ነበር። ልጆቼን አቅፌ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም።

አሁን ኮረብታው ከመንገዱ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሚታይ ነገር ደግሞ ባለቤት አያጣም። ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ የማኅበሩ እገዳ ተነስቷል፣ ዳይሬክተሯ ባስጀመረችው ጫካ ፊት ከአባላቱ ጋር ፎቶ ትነሣለች፣ ፓምፑም ያን ዕለት ይሰጣል ይላል። የአባላቱ ስም ዝርዝር አሥራ ሦስት ነው። የዛፍ ጠላት አልገባችም።

አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው። የፎቶው ቀን ጠዋት ባቄላዬን ላርም ብቻዬን ወረድኩ። ብዙም ሳልቆይ ከኋላዬ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። አማቴ መኮትኮቻቸውን ይዘው ከአጠገቤ ያለውን ረድፍ ያዙ። ከኋላቸው አሥራ ሁለቱም መጡ፤ የቆሸሸ የሥራ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉ አማቴ ሳያዩኝ። «ፀሐይ ላይ ቆሞ መሣቅ አልችልም፤ ጥርስ የለኝም።»

ሞተር ሳይክሉ ከተፍ አለ።

«እናት፣ ዳይሬክተሯ እኮ እየጠበቁ ነው!» አለ አቶ ሠንጠረዥ። «ፓምፑም መኪናው ላይ ነው።»

«አሥራ አራት ነን ብለህ ጻፍ።»

«ዝርዝሩ አሥራ ሦስት ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ዝርዝርህን ጫካው ፊት አቁመህ ፎቶ አንሣው» አሉና ወደ አረማቸው ተመለሱ።

ቀና ያለለት አልነበረም። ከመንገዱ የመኪና ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩም፣ መኪናውም፣ ፓምፑም ሄዱ። ማሳው በእኩለ ቀን ታርሞ አለቀ። ቀኑ ሲበርድ አሥራ አራታችንም ወንዝ ወረድን። የአማቴን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ።