አንዴ ብቻ ጠየቁኝ

እዚህ ስደት አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት መኪና የማያሳልፍ አንድ ቅያስ አለ። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ድሮ የፈረስ ጋጣ ነበሩ። ጌቶቹ በትልቁ መንገድ በኩል ይኖራሉ፤ ፈረሶቹ ከኋላ፣ ፈረስ ጠባቂዎቹ ጥቁሮች ደግሞ ከፈረሶቹ በላይ ቆጥ ላይ ያድራሉ። ዛሬ እዚያ ቆጥ ላይ የሚተኛው ሚሊየነር ነው። መንገዱ ግን ያው የወንዝ ድንጋይ ነው። ፖስተኛው እየተራገመ ያልፍበታል፤ ባለ ታኮ ጫማ አይደፍረውም። ጸጥታው ደስ ይላል ይላሉ። መኪና ስለሚፈራው ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?

ድንጋዩን የማውቀው እኔ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከምኖርበት ከዊተን በባቡር እየመጣሁ የሰመጠውን አንስቻለሁ፣ የተነቀለውን መልሻለሁ። የውሃ ቱቦ ሊቀበር መንገዱ ሲቆፈር ኮንትራክተሩ ድንጋዩን በገልባጭ ጭኖ ሊጥለው ነበር። እምቢ አልኩ። የእያንዳንዱን ሆድ አጥቤ፣ ቄስ ትምህርት ቤት በተማርኩት በግዕዝ ቁጥር በቀለም ጽፌ፣ ሁሉንም በየነበረበት መለስኩ።

አራተኛው በር የሳህሉ ነው። ደርግ ሲመጣ ከአገር የወጣ ኢንጂነር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አዳምስ ሞርጋን ሰፈር አንድ ያበሻ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ በነበረ ጊዜ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስለ አገር ሲከራከር አንድ ቃል ጣል ባደርግ፣ «አንተ ደግሞ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለኝ። ስድስተኛ አልኩ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሱ ረስቶታል። የሳቀ ሰው ይረሳል።

አምና የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ ሚስ ኤለን የመንገዱ ታሪክ በሰሌዳ ተጽፎ ይቁም አለች። እኔንም ሳህሉ ቤት ጠርታ የማውቀውን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ እሱ አስተረጎመ። ስድስተኛው በር ፊት ያለውን ጎድጓዳ የሠረገላ ጎማ እንደበላው፣ ከሥሩም የፈረስ ኮቴ ብረት እንዳገኘሁ ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ አንድ ነገር አለችው። ሳህሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ስምህን ሰሌዳው ላይ ላውጣው ወይ ትልሃለች።»

ልጄ ቤዛዊት ትዝ አለችኝ። አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት «ሜንቴናንስ» ብላ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። ስሜ እዚያ ቢወጣ እጇን ይዤ አመጣት ነበር። አፌ ግን ያደገበትን ተናገረ።

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ ጋሼ። እኔ ምን ሠራሁና።»

ሳህሉ በአንድ ቃል መለሰላት፦ ኖ። እሷም በአክብሮት ራሷን ነቅንቃ ደብተሯን ዘጋች።

በእሷ አልፈርድም፤ በአገሯ ሰው አንዴ ይጠየቃል፣ አንዴ ይመልሳል። ሳህሉስ? ሚስቱ የወይንሐረግ ምሳ ባቀረበች ቁጥር በልቻለሁ እያልኩ ስግደረደር፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ የሚያጎርሰኝ ራሱ አይደለም? ለጉርሻ ሦስቴ የሚለምን ሰው ለስም አንዴ እንኳን «ኧረ ተው» ማለት አቃተው።

ዘንድሮ ሰሌዳው ተሠርቶ መጣ፤ ምሰሶውን የምተክለውም እኔው ሆንኩ። ሳህሉ ቡናውን ይዞ ወጥቶ አነበበልኝ። የጌቶቹ ስም አለ። ዱክ የሚባል የፈረስ ስም አለ። ቆጥ ላይ ያድሩ የነበሩት «ሠራተኞች» ተብለው ታልፈዋል። ድንጋዩ ደግሞ እንደ ጥንቱ «ተጠብቆ ቆይቷል» ይላል። ማን ጠበቀው? እሱን አይልም።

ለምሰሶው አራት ድንጋይ ነቀልኩ። አንዱ በጀርባው ተንጋለለ፤ ሆዱ ላይ ፪፻፲፬ ይላል። ሳህሉ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የስድስተኛ ክፍል» አልኩት።

ትዝ ይበለው አይበለው እንጃ። ሌሎቹንም ድንጋዮች አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደምሴ፣ ለኤለን ነግሬ ከሥር ስምህን ላስጨምር እንዴ?» አለኝ።

እሺ ማለት ብቻ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው፤ በአንድ ጥያቄ ዘልዬ ልያዘው? የተራበ ልምሰል?

«ይቅር ጋሼ፣ አሁን ምን ያደርጋል» አልኩና ድንጋዩን እንደታቀፍኩ ጠበቅሁት። አንዴ በሞቴ ቢለኝ እጄን እሰጥ ነበር።

«እንደ ወደድክ» ብሎ ስኒውን ይዞ ገባ።

ምሰሶውን ተክዬ፣ ቁጥሩን ወደ ታች አድርጌ ድንጋዩን ከጎኑ መለስኩት፤ በመዶሻ አጥብቄ በየስንጥቁ አሸዋ ሞላሁበት።

ማታ ቤዛዊት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ ሥራ እንዴት ነበር ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። እሷም አንዴ ነው የምትጠይቀው።