እሺ ሳትይን አንቀመጥም

እና ደግሞ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ! ሰው ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ ይልካል፣ ሲጣላ ሽማግሌ ይልካል፣ ለታክስ ሽማግሌ ሲላክ ማን አይቷል፣ ማንአልሞሽ ይኸው ዛሬ ታያለች፣ ቤት በምትገዛበት ቀን፣ ቡሪየን ከተማ፣ የቤት ሽያጭ በሚፈረምበት ቢሮ ውስጥ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶውን ተቀምጦ ሁለት ሽበታም ሰዎች ፊቷ ተገትረዋል፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም ልጄ፣ የሚሉት ጋሽ ውብአየሁ ናቸው፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አጠገባቸው ሻጩ ጋሼ ተክለ ጻድቅ፣ ከአዲስ አበባ ትናንት የገቡ፣ ከነሙሉ ልብሳቸው።

ይቁሙ እንግዲህ።

ይሄ ሁሉ ለአንዲት ወረቀት። የቢሮው ጸሐፊ፣ ፈረንጅ ናት፣ በደንብ አስረድታለች፣ ሻጩ እዚህ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሰው ከሆነ ገዢዋ ከቤቱ ዋጋ ከመቶ አስሩን ቀንሳ ለመንግሥት ታስገባለች፣ ካላስገባች ከራሷ ኪስ ትከፍላለች፣ ሻጩ የውጭ ሰው አይደለሁም የሚል ከሆነ ደግሞ እዚህ ጋ በመሐላ ይፈርም፣ ኦኬ? ጋሼ ወዲያው እስክሪብቶ አነሱ። ኧረ በሕግ! ጋሼ፣ ግሪን ካርድዎን መልሰዋል እኮ፣ አለች። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል፣ አሉ፣ ዝም አይነቅዝም ልጄ። ይነቅዛል! በኔ ቤት ላይ ይነቅዛል! ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ከተቀበልሽ ወረቀቱ አያድንሽም ተብላለች፣ እሷ ደግሞ ታውቃለች፣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ይሄኔ ነው ጋሼ ተነስተው የወጡት፣ ጋሽ ውብአየሁን ከፓርኪንጉ ይዘው የገቡት፣ መኪና ውስጥ አስቀምጠዋቸው ኖሯል፣ ወይ ጉድ፣ አስበውበት ነው የመጡት።

ውለታ አለባት፣ አልካደችም። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏት ጋሼ ናቸው፣ ፌደራል ዌይ፣ ቤታቸው ወስደው፣ ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ ያስገቧት፣ ኪራይ ሳይጠይቁ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ዛሬ የምትገዛውም ያንኑ ቤት ነው፣ ሶ ምን ይሁን? ያንን ቤት የገዛችው በውለታ ነው? የሰው እናት እያጠበች፣ የሰው አባት እያገላበጠች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ። ውለታ በእንጀራ ይመለሳል፣ በጉልበት ይመለሳል፣ በሐሰት መሐላ አይመለስም።

ልጄ፣ ከመንግሥት እጅ የወጣ ገንዘብ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ይላሉ ጋሼ። በየዓመቱ አያለሁ፣ ታክስ ሳሳውቅ የተረፈው ይመለስልኛል፣ እርስዎም ያሳውቁ ይመለስልዎታል፣ ይህን በአፏ ትላለች ወይስ በሆዷ፣ እንጃ። የሰው ፊት አይተሽ እንኳ፣ ይላሉ ጋሽ ውብአየሁ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይንሽ ታዪናለሽ። በዚሁ ዓይኔ! ሌላ ዓይን የለኝም!

ያ አዳራሽ ይመጣባታል፣ የጋሼ ሽኝት፣ ጠቅልለው አገራቸው ሲገቡ፣ ማይኩን ጨብጠው፣ ካርዴን መልሼላቸዋለሁ፣ የማንም ጥገኛ አይደለሁም፣ ያገሬ ልጅ ነኝ ሲሉ፣ ጋሽ ውብአየሁ ቆመው ሲመርቁ፣ እና እልልታውን ያቀለጠችው ማን ነበረች፣ ማንአልሞሽ፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ፣ ከልቧ፣ ኮርታባቸው። ያኔ ያገሬ ልጅ፣ ዛሬ የዚህ አገር ሰው፣ እንደ ኮት እየተቀየረ።

ጋሼ፣ ትላለች፣ አሁን በአፏ፣ ካርድዎን የመለሱ ቀን እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሲመርቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ውሸት ነበር?

ፈረንጇ አንዴ እሷን አንዴ እነሱን ታያለች፣ አማርኛው ባይገባትም ነገሩ ሳይገባት አልቀረም። ጋሽ ውብአየሁ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይለውጣሉ፣ ታዝንላቸዋለች፣ በእውነት ታዝንላቸዋለች፣ ጉልበታቸው፣ ምስኪን፣ ግን እኔ አላቆምኳቸው፣ እስክሪብቶውን ታነሳለች፣ ከመቶ አስሩ ይያዝ በሚለው ወረቀት ላይ ስሟን ከነአባቷ ትጽፋለች፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል ሳትዘል።

ወንበር ይንቋቋል። ጋሼ ናቸው፣ ተቀምጠዋል፣ ኮታቸውን ሳይፈቱ፣ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ። አልነበረም ልጄ፣ ይላሉ፣ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ለፈረንጇ፣ እኔ የምፈርመው የትኛው ነው?

ጋሽ ውብአየሁም የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው፣ እህህ ብለው፣ ይቀመጣሉ። እሷ እሺ አላለችም።