የለመደው ፈንገሱ ነው

«ይሄን ክኒን ከእንግዲህ አልውጥም» አለችና የመድኃኒት ማዘዣውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሐኪሙ መልሳ ገፋችው።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ሴትየዋ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሞቀ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። የብልት ፈንገስ ከያዛት ዓመት ሊሞላት ነው። ያቃጥላታል፣ ያሳክካታል፤ መሪ ይዞ ማከክ ደግሞ የማይሆን ነገር! ክኒኑ ታዘዘላት፣ ዋጠች። ያው ክኒን ደግሞ ታዘዘላት፣ ደግሞ ዋጠች። ወይ ፍንክች!

«በትክክል አልወሰድሽው ይሆናል» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዷንም አላስቀረሁም።»

«እንግዲህ አንዳንድ ሴት ላይ እየተመላለሰ ያስቸግራል። መልመድ ነው።»

ልመጂው! እናቷም ያለቻት ይህንኑ ነው። ባሏ ደግሞ ባሰበት። «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ትራሱን ይዞ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ሰነበተ። ሰው ባልሠራው ሥራ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ሲታይ ያንገበግባል፤ እሷንም አንገብግቧታል።

«ዶክተር፣ አውቶብሴ አልነሳ ሲለኝ መካኒኩ ኮፈኑን ሳይከፍት ‹ልመጂው› አይለኝም» አለች፣ እስከ አውቶብሷ የኋላ ወንበር በሚሰማ ድምፅ። «ምን እንዳለብኝ ይመርመርልኝ። እስከዚያ ከዚህ አልነሳም።»

ሐኪሙ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው አየና ምርመራውን አዘዘ።

ናሙናዋ የፈንገስ ዘረመል ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ በመስኮት ጠራቻት።

«እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለቻት። «ፈንገሱን ክኒኑ ባለበት አሳደግነው፤ ምንም አልመሰለው። ዘረመሉ ላይ ለውጥ አለ። ፈንገሱ ሽፋኑን የሚሠራበት ነገር አለ፤ ክኒኑ እሱን ይዞ ነበር ሥራ የሚያስፈታው። አሁን የዚያ ነገር ቅርፅ ተቀይሯል፣ ክኒኑ ሊይዘው አልቻለም። በሌላ ለውጥ ደግሞ የገባበትን መድኃኒት እየገፋ ያስወጣዋል።»

«እኔ ስውጥ እሱ ይተፋል በይኛ!»

ባለሙያዋ ሳቋ አመለጣት። «ልክ ነሽ። መድኃኒቱን ተላምዶታል ነው የምንለው። በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ያዝልሻል።»

«ቆይ፣ ቆይ። የለመደው እሱ ነዋ!» ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለችና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። «የኔ እህት፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ይሄ በሽታ ሌላ ወንድ ጋ ካልሄዱ አይዝም?»

«ኧረ በስመአብ! ማነው እንዲህ ያለሽ? ብዙ ሴት ሰውነት ላይ ድሮም ያለ ፈንገስ ነው። ሲበዛ ነው የሚያሳምመው።»

«ሰማህ?» አለች ወደ ስልኩ።

«ድምፅሽን ቀንሺ እንጂ፣ ሰው ይሰማሻል!» አለ ባል።

«ይስማ! ስትጠረጥረኝ ያላፈርክ አሁን ነው የምታፍረው?» ዘጋችበት። ከወረፋው አንዲት ሴት «አበጀሽ!» አለቻት።

አመሻሹ ላይ አዲሱን መድኃኒት ይዛ ቤት ስትገባ፣ ባሏ ትራሱን መኝታ ቤት መልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ነገሩ ታወቀ አይደል?» አለ ፈገግ ብሎ። «ያለፈው አለፈ።»

«ይቅርታ የሚባል ነገር የለም?»

«አንቺ ደግሞ! ባል ይጠረጥራል። እስካሁን ጠባዬን አልለመድሽውም?»

ትወደዋለች፤ ይሄው ነው ይበልጥ ያናደዳት። ትራሱን አነሳች፣ ሳሎን ወስዳ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ግራ ገብቶት ተከትሏት ወጣ።

«መልመዱን ለፈንገሱ ትቼለታለሁ» አለችው። «ይቅርታ ማለት ሲያምርህ ትራስህን ይዘህ ና።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።