ጋሽ ሽበሺ ክንፍ የቀጠሉላት የእሳት እራት

ጋሽ ሽበሺ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ታፔላ ሲጽፉና ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሰቃ እስከ ደዶ በየመንገዱ ዳር ጥርሱ ሙሉ የሆነ የፀጉር ቤት ደንበኛ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ጫማ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል አቮካዶ ግድግዳ ላይ ካያችሁ፣ የእሳቸው እጅ ነው ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ማንኛውንም ነገር ካለው ትንሽ አሳምሮ መሳል። «ሰው ታፔላ የሚያሠራው እንዲያምርለት ነው» ይላሉ፤ «እውነቱንማ ገብቶ ያየዋል።»

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ባነር የሚያትመው ማሽን ከተማውን አጥለቀለቀው። ጠዋት ያዘዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ባነሩን ጠቅልሎ ይሄዳል። ጋሽ ሽበሺ ብሩሻቸውን ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ ዘፍዝፈው ሲያበቁ፣ ቀናቸውን ከሱቃቸው ጎን ባለው የሸኩር ጭማቂ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን እያዩ ማሳለፍ ጀመሩ። ሆዳቸው ባይከፋም እጃቸው ተሰላችቶ ነበር። አንዳንዴ ሳያስቡት በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው የማንጎ ጭማቂ ፊደል ይጽፋሉ፤ ሸኩር ደግሞ ኋላ ኋላ እየተከተለ በጨርቅ ያጠፋዋል።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ጭማቂ ልትጠጣ ገባች። ብርጭቆዋን እንኳን ሳትነካ ተነሥታ ግድግዳው ላይ አፍንጫዋ እስኪደርስ ተጠጋች። እዚያ፣ ከፓፓያው ሥዕል ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ንብ አለች።

«ይቺን ንብ ማነው የሣላት?» አለች።

«እኚህ ጎረቤቴ ናቸው» አለ ሸኩር ወደ በሩ እያመለከተ። «ምነው? ደንበኛ አስፈራች እንዴ?»

«ስድስቱም እግሮቿ የወጡት ከደረቷ ነው!» አለች ሴትዮዋ እንደ ብርቅ ነገር። «ሰው ሁሉ ከሆዷ ነው የሚያወጣቸው። እርስዎ ንብ አስተውለው አይተዋል፣ ጋሼ።»

«አንዷ ስትነድፈኝ ያዝኳት፤ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አየኋት» አሉ ጋሽ ሽበሺ። «ያለ ምክንያት የነደፈችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብሩሹ ላይ ስኳር ነበረ።»

ሴትዮዋ ዶክተር ሩሐማ ትባላለች። ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምታስተምር የነፍሳት ተመራማሪ ናት። ደቡብ አፍሪካ በተማረችበት ጊዜ በመርከብ አሥራ አንድ ቀን ተጉዛ፣ እሳተ ገሞራ ከባሕር ውስጥ ያወጣት፣ ሰው የማይኖርባት አንዲት ደሴት ላይ አራት ወር ከርማ ነበር። ከዚያ ካመጣቻቸው ነፍሳት መካከል የገብስ ፍሬ የምታህል የእሳት እራት አለች፤ ማንም አይቷት፣ ማንም ስም አውጥቶላት አያውቅም። ሩሐማ ጽሑፏን ጨርሳለች፤ የሚቀረው ሥዕሉ ነው። ፎቶ እንዳታነሣ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚገጠመውን የራሷን ካሜራ ባለፈው ሳምንት በክርኗ ገፍታ ከጠረጴዛ ጥላ ሰብራዋለች።

«እሳት የሌለበት አገር የእሳት እራት?» አሉ ጋሽ ሽበሺ። «ታዲያ ማን ራት ያደርጋታል?»

«መጥተው ይዩዋት» አለች ሩሐማ እየሳቀች።

«ይሂዱ እንጂ!» አለ ሸኩር። «ወላሂ ጠረጴዛዬ ያርፋል።»

በማግሥቱ ጋሽ ሽበሺ የቀለም ሣጥናቸውን ይዘው ባጃጅ ተሳፈሩ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በር ድረስ ሸኝተው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጡ፦ «ብል እንዳይሆን! ልብስህን እዚያው አራግፈህ ና፤ ነጠላዎቼን ታስበላኛለህ።»

የሩሐማ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግን ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። ስድስት የእሳት እራቶች፣ እያንዳንዳቸው በቀጭን ስፒል ተሰክተው፣ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሩሐማ ማይክሮስኮፑን አሳየቻቸው። ጋሽ ሽበሺ አንዴ አጎንብሰው እንዳዩ ራሳቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ያዞረኛል። የእጅ አጉሊ መነጽር የለሽም?» ሰጠቻቸውና ልታስተምር ሄደች።

ጋሽ ሽበሺ መስኮቱ ሥር ተቀመጡና አንዷን መረጡ። ሰውነቷ ወፍራም፣ እግሮቿ ጠንካራ፣ ቀለሟ ቡና ሲቆሉት መሐል ላይ እንደሚይዘው ዓይነት ቡናማ ነው። ክንፏ ግን… ምስኪን! ሆዷ ግማሽ ላይ እንኳን አይደርስም። እጅጌው ያጠረ ሹራብ የለበሰች ትመስላለች። አሳዘነቻቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የሠለጠነ እጅ ደግሞ ሲያዝን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሩሐማ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሥዕሉ አልቋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው የእሳት እራት ክንፏ እንደ ንግሥት ካባ ተዘርግቷል፤ ጠርዙም ወርቃማ ጥለት አለው። ሩሐማ ቆመች። መነጽሯን አወለቀች። መልሳ አደረገች።

«ጋሽ ሽበሺ… ክንፉ?»

«አዎ፣ እግዜር ትንሽ አጉድሎባት ነበር። እኔ ቀጠልኩላት።»

ሩሐማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ቀደማት። ሆዷን ይዛ እስኪበቃት ሳቀች። «ጋሽዬ፣ ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው!» አለች በመጨረሻ። «ያቺ ደሴት ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ድሮ ድሮ ክንፋቸው ረጅም የነበሩትን ነፋሱ ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተታቸው። የተረፉት ክንፋቸው አጭር የሆኑት ናቸው። ልጆቻቸው ደግሞ የባሰ አጭር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት ሺህ ዓመት ሄደ። አሁን ክንፉን ካስረዘሙት ያገኘሁትን ነገር አጠፉብኝ ማለት ነው።»

ጋሽ ሽበሺ አሰቡ። «ታዲያ ካልበረረች ምን ታደርጋለች?»

«ትሮጣለች።»

«የእሳት እራት ትሮጣለች?»

«ከድንጋይ ድንጋይ! ስድስት ለመያዝ ሦስት ሳምንት በጉልበቴ ዳኽኩ።»

ጋሽ ሽበሺ ሣጥኑን እንደገና አዩት። አሁን አላሳዘነቻቸውም። ከዚያ ሁሉ ነፋስ ተርፋ የመጣች ጎበዝ መሰለቻቸው። ሥዕሉን ጠቀለሉና «ይሄን ለሸኩር እሰጠዋለሁ፤ ለአንቺ ሌላ እጀምራለሁ» አሉ።

ሁለተኛው ሥዕል ግን ቀላል አልሆነም። የገዛ እጃቸው ጠላት ሆነባቸው። መስመር ሲስሉ እጃቸው ሳይታዘዝ ያቀናል፤ አንቴና ሲስሉ ያሾላል፤ የተሰበረ እግር ሲያይ ይጠግናል። የሠሩትን ደጋግመው ቀደዱ። በአራተኛው ቀን ዘዴ አገኙ። አንድ ነጥብ አይተው አንድ ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ብሩሹን አስቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይከታሉ፤ እንደገና ያያሉ። የግቢው ዘበኛ አብደላ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ እጃቸው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አይቶ «አካም፣ ጋሼ! በረደዎት እንዴ?» ብሎ ሻይ አመጣላቸው።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጨረሱ። ጋሽ ሽበሺ በሕይወታቸው እንዲህ ደክመው፣ እንዲህም ረክተው አያውቁም። አንድም ነገር አልጨመሩም፤ አንድም ነገር አልሸሸጉም። ሩሐማ መጥታ ሥዕሉን ብርሃን ላይ ያዘችው። «ግሩም ነው…» አለች። ጣቷ ክንፉ ላይ ቆመ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት መስመር? ጋሽ ሽበሺ፣ ደግሞ ጀመሩ?»

«ምኑን?»

«መስመሩ ሦስት ነው። በማይክሮስኮፕ ስንት ጊዜ አይቼ ነው የጻፍኩት! አንድ ጨመሩላት።»

«አልጨመርኩም።»

«ጋሽዬ፣ እንደሚያምር ገባኝ፤ ግን…»

ጋሽ ሽበሺ ብሩሻቸውን ጠርገው፣ ሣጥናቸውን ዘግተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ባጃጅም አልያዙም፤ እስከ ቦሳ ኪቶ በእግራቸው ሄዱ። ሸኩር ዘንድ ሲደርሱ ተቀመጡና «ሠላሳ አራት ዓመት ስዋሽ ሁሉም አመሰገነኝ» አሉ። «ዛሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር ውሸታም ተባልኩ።»

ሸኩር ጭማቂ ቀድቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አራት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ስድስቱንም አይቻለሁ። በስድስቱም ላይ አለ።»

«እንግዲያው ለምን እኔ ዘንድ ተቀመጡ? ሄደው ያሳይዋት እንጂ!»

ጋሽ ሽበሺ ያን ቀን አልሄዱም፤ ኩርፊያቸው ገና ትኩስ ነበረ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ፀሐይ ከመስኮቱ ሳታልፍ ለመድረስ ቸኩለው ወጡ። ሩሐማ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ አገኟት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስትፈልግ እንደቆየች ያስታውቃል። «ጋሽ ሽበሺ፣ እውነቴን ነው፣ አላየሁትም» አለች።

«መብራቱን አጥፊው።»

«ምን?»

«የዚህን ማሽን መብራት። ከላይ እየመታ ሁሉንም ነገር ጠፍጣፋ ያደርገዋል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ጉብታ ያለበትን ለማወቅ ከጎን ነው የሚታየው። ነይ፣ መስኮቱ ጋ ነይ።»

አጉሊ መነጽሩን ሰጧት፤ ሣጥኑን ደግሞ የጠዋቱ ፀሐይ በጎን እንዲነካው ቀስ አድርገው አዞሩት። ሩሐማ አጎነበሰች። ሦስቱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ሣጥኑ አንድ ጣት ያህል ሲዞር፣ ከሦስተኛው በታች፣ ልክ እንደ ክንፉ ቡናማ የሆነ፣ ግን ከፍ ከፍ ያሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተደረደሩበት አራተኛ መስመር ብልጭ አለ። ሣጥኑ ሲመለስ ጠፋ።

ሩሐማ ሁለተኛዋን አየች፤ ሦስተኛዋን፤ ስድስቱንም። ከዚያም ያ የተከበረ የምርምር ክፍል ሰምቶት የማያውቀውን እልልታ አቀለጠችው። አብደላ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?»

«አራት ነው!» አለች ሩሐማ። «አብደላ፣ አራት ነው!»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብደላ፤ ምኑ አራት እንደሆነ ባይገባውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዚያች ደሴት ወዲያ ማዶ ባለች ሌላ ደሴት ላይ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ስም የተሰጣት፣ ባለ ሦስት መስመር አጭር ክንፍ የእሳት እራት አለች። ሩሐማን እንቅልፍ የነሣት ‹ያንቺይቱ ያቺው ናት እንጂ አዲስ አይደለችም› የሚል ሰው ይመጣል የሚለው ሥጋት ነበር። ለማመሳከር ተውሳ ያስመጣቻትን የዚያችን ደሴት ናሙና አውጥታ እሷንም ፀሐዩ ላይ አዞረቻት። ሦስት ብቻ! ምንም ቢያዞሯት ሦስት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽዬ» አለች ሩሐማ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሳላጣራ ጠረጠርኩዎት።»

«ተዪ ልጄ» አሉ ጋሽ ሽበሺ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። «ክንፍ የሚቀጥል ሰው ቢጠረጠር ምን ይገርማል?»

ጽሑፉ ታርሞ፣ አራተኛው መስመር የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲያርፍ መሆኑ ተጨምሮበት ተላከ። ለስሟ ሩሐማ በላቲን ‹ሯጪቱ› የሚል ትርጉም ያለው ቃል መረጠች፤ ጋሽ ሽበሺም «ልክ ነው፣ ይገባታል» ብለው አጸደቁ። ከወር በኋላ ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ጥያቄ መጣ፦ ከሥዕሉ ግርጌ በቀይ የተጻፈው ረጅም ቁጥር የናሙናዋ መዝገብ ቁጥር ነው ወይ? ሩሐማ ሥዕሉን አውጥታ አየች። ጋሽ ሽበሺ እንደ ልማዳቸው ‹ሽበሺ አርት› ብለው ሥሩ የስልክ ቁጥራቸውን አስፍረዋል። ስሙ ባለበት ተተወ፤ የስልክ ቁጥሩ ግን እንዲጠፋ ተደረገ። ጋሽ ሽበሺ ለሁለት ቀን ያህል ቅር ብሏቸው ነበር፤ «ታዲያ የውጭ ደንበኛ በምን ያገኘኛል?» እያሉ።

ግንቦት ላይ መጽሔቱ ሲወጣ ሩሐማ በወፍራም ወረቀት አሳትማ ቤታቸው ድረስ ይዛ መጣች። እትዬ ጥሩወርቅ ገጹን ብርሃን ላይ አድርገው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ የባላቸውን ስም በጣታቸው አሳዩ። የውጭ ፊደል ማንበብ ባይችሉም የትኛው መስመር ላይ እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሽበሺ የሩሐማ ተማሪዎች ለጥናት ሲወጡ አብረው ይወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ደዶ ሄደው ነበር። ተማሪዎቹ በየቁጥቋጦው ሲበታተኑ፣ እሳቸው አንድ የእንሰት ተክል ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ፣ ፀጉራም አባጨጓሬ አገኙ። ደብተራቸውን ዘረጉ፤ እርሳሳቸውን ቀረጹ። እስከ ዛሬ የሣሏቸው ነፍሳት በስፒል የተሰኩ ነበሩና እንዲህ ያለው አልገጠማቸውም፤ አንዱን ጎን ሥለው ቀና ሲሉ አባጨጓሬው ፊቱን አዙሯል፤ እንደገና ሲጀምሩ ወደ ቅጠሉ ጀርባ ዞረ።

«ኧረ አንተ፣ ቁም!» አሉ ጮክ ብለው። «ሰዓሊ ፊት ተቀምጠህ ትበላለህ?»

ኢፍቱ የምትባል ተማሪ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መረቧን ጣለች። ጋሽ ሽበሺ ግን ከድንጋያቸው ወርደው፣ ሣሩ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከቅጠሉ ሥር ሆነው ቀና ብለው መሳል ቀጠሉ።