የዐስር ፀሐይ ከፊት ስትሆን

ኡበይደላ ከግራና እስከ መርሳ ውሸቱ ከእግሩ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። አንበጣ በገባበት ዓመት፣ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን አገሩን የሚያሳይ ሰው ሲፈለግላት፣ «ከሰማይ ያላየሁት ጓሮ የለም፤ አንድ ክረምት ጥንብ አንሳ አዝሎኝ ወልድያ ገበያ ውያለሁ» አለ። ሳቁና መረጡት።

የፈራው ግን የሰማዩን ጂን ነው። ምድር ላይ ጂን እንዳይቀርብ ከአራስ ሴት ራስጌ ቢላዋ ይቀመጣል፤ የሰማዩ ጂን በቢላዋ ይመለሳል እንዴ? ብረት የሚጎትት ብረት ነው እንጂ! ከሞተው ቴፑ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን ፈልቅቆ ኪሱ ከተተ። አብራሪው ካፒቴን ጌትነት ስለ መሣሪያዎቹ ሲያስረዳው እሱ የጥንብ አንሳውን ወሬ አልጨረሰም ነበር። ሲነሱ ማግኔቷን ከፊቱ ካገኛት ብረት ላይ ለጠፋት። ከብረቷ በላይ፣ በብርጭቆ ውስጥ፣ ቁጥር ያለበት ነገር በፈሳሽ ላይ ይዋልላል።

ሲሪንቃ ላይ ረጭተው ሲጨርሱ ዐስር ደርሷል። ሊመለሱ ሲሉ ደመና ከተራራው ወርዶ ዋጣቸው፤ መንገድ የሚያሳየው ጂፒኤስም በዚያው ጠፋ። ካፒቴኑ ምዕራቡ ተራራ፣ ምሥራቁ ሜዳ መሆኑን ነግሮት የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ምሥራቅ አዞረ። ብርጭቆዋን በጣቱ ነካ።

«ኮምፓስ አለን፣ አትፍራ። ብረት ካልቀረበው አይዋሽም።»

ኡበይደላ ብረቷ ላይ የለጠፋትን ማግኔት አየ። ቢናገር ካፒቴኑን ፈራ፤ ማግኔቷን ቢያነሳ ጂኑን ፈራ። ቀና ሲል ደመናው ውስጥ ፊት ለፊቱ እንደ ሰሃን የነጣች ፀሐይ አየ።

«ካፒቴን፣ ወደ ተራራው እየሄድን ነው።»

«ጥንብ አንሳው ነገረህ?»

«ለሶላት ወደ መካ፣ ወደ ሰሜን ስቆም የዐስር ፀሐይ በግራ ጉንጬ ናት። ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ጀርባዬን ታሞቀኝ ነበር። ይኸው ዓይኔን እየወጋችኝ ነው።»

ማግኔቷን ነቀለና አሳየው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ምዕራብ ላይ ቆመ።

ካፒቴኑ አውሮፕላኗን በክንፏ አስተኛት። ደመናው ተሰነጠቀና ገደል፣ ገደሉም ላይ አንድ ጥድ ከሥራቸው አለፈ። ፍሬው ይቆጠር ነበር፤ ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ኡበይደላ ማግኔቷን በመስኮት ወረወራት።

ካፒቴኑ ላቡን ጠረገ። ማግኔት የነካው ብረት ራሱ ማግኔት ስለሚሆን እንደማይታመን፣ ኮምፓሱንም ከእንግዲህ እንደማያምነው ነገረው። «ፀሐይዋን አንተ ያዛት። ከጀርባችን እስክትሆን ንገረኝ።»

በዕድሜው ያልዋሸበት ቀን የሌለ ሰው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ በከንፈሩ ዱዓ እያደረገ፣ «ወደ ቀኝ... ትንሽ ይጨምሩ... አሁን ይያዙት» ይል ጀመር። ካፒቴኑም እንዳለው አደረገ። ምን ያህል እንደሄዱ አያውቅም፤ አንገቱ ደንዝዟል። አንድ ጊዜ ቁልቁል ሲያይ በደመናው ቀዳዳ አንበጣ የቆረጠመው ማሽላ ታየው።

«ሜዳ ነው» አለ። «ወላሂ ሜዳ ነው።»

ካፒቴኑ ግን በገዛ ዓይኑ እስኪያይ ድረስ አንዲት ክንድ ዝቅ አላለም።