የተወቀጠው ፍሬ

ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ እሾሃሙ ዛፍ የሚጠይቁት ባለወረቀቶች የእማማ እልፍነሽን በር ዘለው የጎረቤቱን አንኳኩ። አልፈው ዳቦ ሻጩን ጠየቁ፤ ትናንት ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ካርቲየ 5 የገባ ተከራይ ሳይቀር ተጠየቀ። እማማ እልፍነሽ ዘነዘናቸውን ይዘው ከሙቀጫው አጠገብ ተበሳጭተው ቆሙ። አርባ ዓመት እዚህ ኖረው ስለዚያ እሾሃም ዛፍ የሚጠይቃቸው ጠፋ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዛፍም የማያይ ይመስል።

በመጨረሻ ከባለወረቀቶቹ አንዷ ተመለሰች። የጎረቤታቸው የነጅማ ልጅ ኢክላስ ናት፤ እናቷ ገበያ ስትውል በእማማ እልፍነሽ ጀርባ ላይ ያደገች።

"እንደምን ዋሉ እማማ?"

"ሰፈሩን ጨርሰሽ ትዝ አልኩሽ?"

ኢክላስ አንገቷን ደፋች። "ፈርቼ ነው የዘለልኩዎት። ፕሮሶፒሱ፣ ያ እሾሃሙ ዛፍ፣ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ወደ ሰፈር እየገባ ነው። ፍየሎች ፍሬውን ይበሉና ዘሩን በበጠጣቸው ይዘሩታል። አለቃችን ፍየል በሙሉ ከሰፈሩ ይውጣ ብሎ ሊጽፍ ነው።"

እማማ እልፍነሽ ወደ ሦስቱ ፍየሎቻቸው ዞሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት የእነሱን ወተት ሸጠው ነው።

"የእኔን መንገድ ላይ አይተሻቸው ታውቂያለሽ?"

"ኧረ የለም፤ ሁሌ እንደታሰሩ ነው። ግን ፍሬውን ይበላሉ።"

"ይበላሉ፤ ወተት ያወርዳላ።" ሙቀጫውን አዘነበሉላት። ፍሬው ከነዘሩ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል። "ዱቄት ይበቅላል ብለው ነው ያስተማሩሽ?"

"ዘሩ ጠጣር ነው እኮ እማማ። አንዳንዱ ያመልጣል።"

"እንግዲያው ፈልጊው።" ከፍየሎቹ ሥር አንድ እፍኝ ደረቅ በጠጥ ዘግነው መዳፏ ላይ ቆለሉት። ኢክላስ በሌላ እጇ ቦርሳዋን መፈተሽ ስትጀምር፣ "ጓንት ነው የምትፈልጊው? እኔ ያንቺን ስጠርግ ጓንት ነበረኝ?" አሏት።

ልጅቱ እየሳቀች መሬት ቁጭ አለችና አንድ በአንድ ሰባበረችው። ምንም የለም። ሁለተኛ እፍኝ ሰጧት፤ ምንም። በሦስተኛው አንዲት ሙሉ ዘር ወጣች። ኢክላስ በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየቻቸው።

"ጻፊያት" አሉ እማማ እልፍነሽ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "አልክድም። ከዛሬ ጀምሮ በወንፊት ነፍቼ ያልደቀቀውን ደግሜ እወቅጠዋለሁ።"

"ወንዙ ዳር ከሚውሉት ፍየሎች እኮ ከአንዱ እፍኝ ብቻ ሃያ ለቅመናል" አለች ኢክላስ። ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረችና አቆመች። "አለቃዬ ግን አያምነኝም።"

"አያምንሽም?" አሉ፣ ዘነዘናውን እያነሱ። "ነገ በጠዋት ይዘሽው ነይ። እዚሁ አንቺ የተቀመጥሽበት ቁጭ ብሎ ይስበር። በባዶ እጁ።"